ከጦርነቱ በፊት የተሠራው ትንሹ የባቡር አገር

ወደ እንግሊዝ አገር የሚሻገር የአገራችን ሰው አስቀድሞ ሊያያቸው የሚመኛቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት፥ በቴምዝ ወንዝ ላይ የተዘረጋውን ድልድይ፥ ትልቁን ሰዓትና የብሪታንያን ሙዚየም ሳያይ የተመለሰ እንደ ሆነ ዘመዶቹ «ታዲያ ምን አይተህ መጣህ?» ማለታቸው አይቀርም። እኔም ባለፈው ክረምት ለአስተማሪዎች በተዘጋጀ አጭር ትምህርት ምክንያት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ እነዚህን ሁሉ በየተራቸው ጎበኘሁ። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ በልቤ ተቀርጾ የቀረው በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፥ ወንዙ ከስንዝር የማይሰፋ፥ በየትኛውም ካርታ ላይ የማይገኝ አንድ ትንሽ አገር ነው።

ይህን ስል «አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የልጅ መጫወቻ ሊያይ ባሕር ተሻገረ ወይ?» ብሎ የሚስቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ራሴ አስቀድሜ ስለ ሳቅሁ አልቀየመውም። ነገሩ የልጅ መጫወቻ ሆኖ መጀመሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት 50 ዓመታት ያህል ውስጥ መጫወቻው ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ወደ ምን እንደ ተለወጠ ለመግለጽ ያየሁትንና የተማርሁትን በቅደም ተከተል እተርካለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የስምንት ቁጥር ሐዲድ

የአውሮፓ ልጆች በባቡር መጫወት የጀመሩት እውነተኛው ባቡር ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ ነው። የቀድሞዎቹ መጫወቻዎች ግን ከእንጨት ወይም ከቆርቆሮ የተሠሩ፥ በቤት ወለል ላይ በገመድ የሚጎተቱ ወይም በእጅ የሚገፉ ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ነው። ይህ ፋብሪካ በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ እንደ ሰዓት በሞላ የሚሄድ ባቡር፥ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በተጋጠመ ሐዲድ ላይ እያስኬደ አሳየ። የሐዲዱም ስፋት በቁጥር የተወሰነ ስለ ነበረ፥ ዘንድሮ ክቡን ብቻ የገዛ አባት በመጪው ገና ቀጥ ያለውን፥ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መገንጠያውን እየገዛ ሊቀጥልበት ይችል ነበር። ብልሃቱ የነጋዴ ብልሃት ነው። ሆኖም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መጫወቻው አንድ ባቡር መሆኑ ቀርቶ መሥመር ሆነ፤ መሥመር ደግሞ መነሻና መድረሻ ይሻል።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ ያስፋፋው ወንማን ጆሴፍ ባሴት ሎክ የተባለ የኖርታምፕተን ከተማ ሰው ነው። በ1877 የተወለደው ይህ ሰው በ1899 የሞዴል ዕቃ በፖስታ መሸጥ ጀመረ፤ በ1900 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የጀርመኖቹን ሥራ አይቶ ተደነቀና በኑረምበርግ ከሚገኘው ከቢንግ ፋብሪካ ጋር ተዋዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እንግሊዛዊው የሚወደው ባቡር የተባለውን ሁሉ በጅምላ አይደለም። የሚወደው በየጠዋቱ በሰፈሩ ጣቢያ የሚያልፈውን፥ ቀለሙንና ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቀውን ያንኑ ባቡር ነው። ስለዚህ ሄንሪ ግሪንሊ የተባለው መሐንዲስ እውነተኛዎቹን ሎኮሞቲቮች እያጠና ንድፍ ያወጣ፥ ፋብሪካውም በንድፉ ልክ ይሠራ ጀመር። ትልልቅ ሰዎችም ያለ እፍረት ለራሳቸው ይገዙ ጀመር።

በ1910 መጨረሻ በሎንዶን የሞዴል ባቡር ክበብ ተቋቋመ። ክበቡ ዛሬም አለ፤ ከ1960 ጀምሮ የራሱ ቤት ያለው በኪንግስ ክሮስ ጣቢያ አቅራቢያ ነው። ለብዙ ዓመታት በፋሲካ ሰሞን ኤግዚቢሽኑን ያሳይበት የነበረው ግን በዌስትሚኒስተር የሚገኘው ሴንትራል ሆል የተባለው ሰፊ አዳራሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጥር 1946 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው በዚሁ አዳራሽ መሆኑን ያወቅሁት ከደጃፉ ቆሜ ነው። መልእክተኞች ስለ ዓለም ሰላም በመከሩበት ቤት፥ ኮት የለበሱ ጎልማሶች ከልጆቻቸው ጋር አጎንብሰው የጣት ጥፍር የሚያህል መንኮራኩር ሲመረምሩ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝና ፈገግ አልሁ።

የመጀመሪያዎቹ የኤግዚቢሽን መሥመሮች እንዲህ ነበሩ። በአዳራሹ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ በላያቸውም ስፋቱ 32 ሚሊሜትር ወይም 45 ሚሊሜትር የሆነ ሐዲድ ይነጠፋል። ባቡሮቹ ከፊሎቹ በሞላ፥ ከፊሎቹ በኤሌክትሪክ፥ ከፊሎቹ ደግሞ በስፒርቶ እሳት ውሃ እያፈሉ በእውነተኛ እንፋሎት ይሄዳሉ። ሎኮሞቲቩ እንደ መስተዋት የተወለወለ ነው፤ ሐዲዱ ያረፈው ግን በባዶ ሳንቃ ላይ ነው። ተራራ የለም፥ ዛፍ የለም፥ ሰው የለም። ተመልካቹ የሚያደንቀው መኪናውን ነበር፤ ባቡሩ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

በ1930ዎቹ ይህ ጥያቄ ራሱ የኤግዚቢሽን ብልሃት ወለደ። አንዳንድ ሠሪዎች ከጣቢያው በስተጀርባ ከመጋረጃ ወይም ከግድግዳ ኋላ የተሰወረ የሐዲድ ግቢ ሠሩ። ከጣቢያው የተነሣው ባቡር በዋሻ ወይም በድልድይ ሥር አልፎ ከዓይን ይሰወራል፤ ከኋላ የቆመው ሰው ፉርጎዎቹን ለዋውጦ በሰዓቱ መልሶ ይልከዋል። ተመልካቹ የሚያየው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ባቡሩ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የተመለሰ ይመስለዋል። እንደ ስምንት ቁጥር ሲሽከረከር የኖረው ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ «ሄደ» ሊባል ቻለ።

ሌላው ምክንያት የቤት ጥበት ነው። ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ የከተማው ቤት እያነሰ ስለ ሄደ 32 ሚሊሜትሩን ሐዲድ ለማዞር ቦታ ጠፋ። በ1922 ባሴት ሎክ ከቢንግ እያስመጣ በግማሽ ያህል ያነሰ፥ በምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ባቡር መሸጥ ጀመረ። በ1935 ትሪክስና ሜርክሊን፥ በ1938 ደግሞ የሊቨርፑሉ የሆርንቢ ፋብሪካ በዚሁ ዐይነት መጠን የኤሌክትሪክ ባቡር አወጡ። ፋብሪካዎቹ ያሰቡት ቦታ ለመቆጠብ ነበር። ነገር ግን ባቡሩ ባነሰ ቁጥር በጠረጴዛው ላይ ለመንደሩ፥ ለእርሻውና ለወንዙ ስፍራ ተገኘ። ባቡሩ ሲያንስ አገሩ ሰፋ።

ደወልና እጀታ

ከሎንዶን 300 ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን በምትገኘው በዮርክ ከተማ በ1975 የተከፈተ ብሔራዊ የምድር ባቡር ሙዚየም አለ። ሕዝቡ የሚጋፋው ታላላቆቹን ሎኮሞቲቮች ለማየት ነው። እኔን ግን ያቆመኝ የላንክሸርና ዮርክሸር የምድር ባቡር ኩባንያ በ1912 ለማንቸስተር የሲግናል ሠራተኞች ትምህርት ቤት ያሠራው ሞዴል ነው። ይህኛው ለኤግዚቢሽን የተሠራ አልነበረም፤ ዛሬ የሙዚየም ትርኢት ይሁን እንጂ ለብዙ አሥር ዓመታት የቆየው የመማሪያ መሣሪያ ሆኖ ነው። አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ትምህርቱ ይህ ነው። መሥመሩ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ አይገባም። ባቡሩን የሚልከው ሠራተኛ ለሚቀበለው ጓደኛው በደወል «መንገዱ ነጻ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የደወሉ ምት ቁጥር የመጪውን ባቡር ዓይነት ይገልጻል። መንገዱ ነጻ የሆነ እንደ ሆነ ተቀባዩ ያንኑ ምት መልሶ ይደውልና በመሣሪያው ላይ ያለችውን መርፌ ያዞራል። ላኪው ምልክቱን የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም ሠራተኛው የሚስባቸው የብረት እጀታዎች ከሥር እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ስለ ሆኑ መገንጠያው በትክክል ሳይዞር «እለፍ» የሚለውን ምልክት መስጠት አይቻልም።

ይህን ሁሉ በቃል ያጠና ተማሪ በጠረጴዛው ላይ ቢሳሳት የሚወድቀው መዳፍ የምታህል ባቡር ናት፤ አንሥቶ እንደገና ይጀምራል። በእውነተኛው ሐዲድ ላይ ግን ስሕተት እንዲህ አይታረምም። በ1915 በስኮትላንድ ድንበር አጠገብ በኩዊንቲንስሂል ሁለት የሲግናል ሠራተኞች በሐዲዱ ላይ የቆመ ባቡር መኖሩን ዘንግተው ለሌላ ባቡር መንገድ ሰጡ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹም ወደ ጦር ግንባር የሚጓዙ ወታደሮች ነበሩ። ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ይህን ሳስብ «መጫወቻ» የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። ትንሽ ነገር በትልቁ ፋንታ የሚሰበርበት፥ በትልቁ ፋንታ የሚታረምበት ጊዜ አለ።

ወደ ሎንግ ዊተናም

በሚቀጥለው ሳምንት ከሎንዶን ፓዲንግተን ጣቢያ ተሳፍሬ ወደ ምዕራብ ሄድሁ። ዲድኮት ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከዚያ እስከ ሎንግ ዊተናም መንደር 5 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ቀኑ ብሩህ ስለ ነበረ በእግሬ ተጓዝሁ። ስንዴው ታጭዶ አልቋል። በስተቀኝ በኩል አናታቸው ላይ ዛፍ ያለባቸው ሁለት ጉብታዎች ይታያሉ፤ በስተግራ ቴምዝ ሎንዶን ላይ እንዳለው ሳይሆን እንደ ገጠር ወንዝ ዝግ ብሎ ይፈሳል። መንደሩ ውስጥ የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች አሉ። የእኛን ጎጆ ለለመደ ዓይን እንግዳ አይደሉም፤ ነገር ግን ክዳናቸው እንደ ወፍራም ጋቢ የከበደ፥ ጫፉም በመቀስ የተስተካከለ ነው።

ፔንደን የተባለው ሙዚየም የሚገኘው በዚህች መንደር ነው። የመሠረተው ሮይ ኢንግላንድ ይባላል። ትውልዱ አውስትራሊያ ሲሆን በ1925 ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ በዚያው ቀረ። በ1954 በመንደሩ የነበረ አሮጌ መጠጥ ቤት ገዝቶ ሙዚየሙን ጀመረ፤ በ1995 አረፈ። ዛሬ ሥራው የሚካሄደው በአብዛኛው በፈቃዳቸው ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉ ሰዎች ነው። ስለ እርሱ ሥራ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከጦርነቱ በፊት የተጀመረውን፥ ከሌላ ሰው እጅ ወደዚህ ቤት የመጣውን ላሳይ።

የማደር ሸለቆ

ጆን አኸርን በመድን ሥራ የሚተዳደር የሎንዶን ሰው ነበር። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት በቤቱ ውስጥ አንድ የባቡር መሥመር መሥራት ጀመረ። ስሙንም የማደር ሸለቆ ባቡር አለው። «ማደር» ለእኛ ጆሮ የእንግዳ ማረፊያ ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ጨዋታ አለበት፤ ከጣቢያዎቹ አንዱ «መች ማደር» ሲባል «እጅግ ይበልጥ ያበደ» ወደ ማለት ይጠጋልና። ሰውዬው በራሱ ላይ መሳቅ ያውቅ ነበር። ሌሎቹ ጣቢያዎች ማደርፖርትና ጋመን ማግና ይባላሉ። እንዲህ ያለ ወደብ፥ እንዲህ ያለ ከተማ፥ እንዲህ ያለ ወንዝ በእንግሊዝ አገር የለም።

መሥመሩ ከወደብ ይነሣል። ትንንሽ መርከቦች ቆመዋል፤ መጋዘኖቹ ቀለማቸው ለቋል። ሐዲዱ በመንደሩ ጓሮ፥ በድንጋይ አጥር አጠገብ፥ በወንዙ ዳር እየታጠፈ ወደ ደጋው ይወጣል። ሎኮሞቲቮቹ አይብለጨለጩም። ከፊሎቹ ከዌልስ ተራሮች ጠባብ ሐዲዶች የተቀዱ፥ አነስተኛና አሮጌ ዓይነቶች ናቸው፤ ጥላሸትና ዝገት አለባቸው። ከእርሱ በፊት ባቡሩን አቆሽሾ ለማሳየት የደፈረ ሠሪ ጥቂት ነበር። ቤቶቹም ካርቶን፥ እንጨትና ወረቀት ናቸው፤ ብዙዎቹ አኸርን በየአገሩ እየዞረ ካያቸው እውነተኛ ቤቶች የተቀዱ ናቸው። አገሩ ሐሰት ነው፥ ቤቶቹ እውነት ናቸው። ስለዚህም ተመልካቹ «ይህችን መንደር የት ነበር ያየኋት?» ማለቱ አይቀርም።

በዚህ ስፍራ ላይ ለተማሪዎች የሚጠቅም አንድ የሒሳብ ነገር ላንሣ። አኸርን የሠራበት መለኪያ በ76 አንድ ነው። ይህም ማለት ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በዚያ አገር 23 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 26 ሳንቲሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚቻል ነው። ችግሩ ያለው በርቀት ላይ ነው፤ አንድ ኪሎሜትር ብቻ ከ13 ሜትር በላይ ጠረጴዛ ይበላል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረውን የ784 ኪሎሜትር መሥመር በዚህ መለኪያ እንሥራ ብንል ከ10 ኪሎሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ ያስፈልገናል። ስለዚህ የሞዴል ሠሪ ሁሉ መዋሸት ግዴታው ነው። ጥያቄው የቱን ትቶ የቱን ያስቀር የሚለው ነው። ከአኸርን በፊት የነበሩት አብዛኞቹ አገሩን ትተው ባቡሩን አስቀሩ። እርሱ ባቡሩን አሳንሶ አገሩን አስቀረ።

ይህን ለምን እንዳደረገ ለመረዳት ዘመኑን ማስታወስ ያሻል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ገጠር ትንንሽ ባቡሮች በጭነት መኪናና በአውቶቡስ እየተሸነፉ አንድ በአንድ ይዘጉ ነበር። በዴቮን አውራጃ የነበረው የሊንተንና ባርንስታፕል ጠባብ ሐዲድ በ1935 ተዘጋ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ተሸጠ። አኸርን እየሠራ የነበረው እንግዲህ በዓይኑ ፊት እየሞተ ያለውን ነገር ነው። በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ የሞዴል ፋብሪካዎቹ ወደ ጦር ሥራ ዞሩ። ባሴት ሎክ ለባሕር ኃይል የመርከብ ሞዴሎችን፥ በኋላም በ1944 ለኖርማንዲ ዘመቻ የታቀደውን ተንሳፋፊ ወደብ በሞዴል ሠራ። የሎንዶን ሰማይ በቦምብ አውሮፕላን በተሞላበት ዘመን የማደር ሸለቆ በአንድ የሎንዶን ቤት ውስጥ ነበረ።

አኸርን በ1961 አረፈ። ባለቤቱ ሸለቆው እንዳይበታተን ለፔንደን ሰጡት። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት መሥመሮች አብዛኞቹ ቤት ሲቀየር፥ ባለቤቱ ሲሞት ወይም እንጨቱ ሲፈለግ ፈርሰዋል። ይህኛው ግን በአንድ ክፍል ውስጥ እንዳለ ቆሟል፤ በተወሰኑ ቀናትም ባቡሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። እኔ የሄድሁበት ቀን ከነዚህ አንዱ አልነበረም። ባቡሮቹ ቆመው ነው ያየኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር ቅር አላለኝም።

የነበረው ሸለቆ

አሁን ወደ ሮይ ኢንግላንድ ልመለስ። እርሱም የባቡር ወዳጅ ነበር፤ ነገር ግን በኖረበት በነጭ ፈረስ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ነገር አስተዋለ። ሸለቆው ስሙን ያገኘው ከ3,000 ዓመት ያህል በፊት በኮረብታ ላይ ሣሩ ተልጦ በነጭ ኖራ ድንጋይ ከተሣለ ታላቅ የፈረስ ሥዕል ነው። ኢንግላንድ በዚህ ሸለቆ ሲዘዋወር የሣር ክዳኖች እየተነሡ በፋብሪካ ክዳን ሲተኩ፥ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አየ። የመንደሩ ሰው ይህን ሲያደርግ አልተሳሳተም፤ የሚያፈስ ጣሪያ የሚወድ የለም። ኢንግላንድም ሊከለክለው አልቻለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ቤቶቹን ፎቶግራፍ ማንሣትና መለካት ነው፤ በርና መስኮቱን፥ የጭስ ማውጫውን፥ የአጥሩን ድንጋይ ሳይቀር። ከዚያም በዚሁ በ76 አንድ መለኪያ ከካርቶን መሥራት ጀመረ። በግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ጡብ በስለት ተቀርጾ በውሃ ቀለም ለየብቻው ይቀባል። አንድ ቤት ለመጨረስ ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

ዛሬ በፔንደን ሰፊ ክፍል ውስጥ የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ የነጭ ፈረስ ሸለቆ ተዘርግቶ ይታያል። እርሻው፥ ጓሮው፥ በአትክልቱ ውስጥ የተተከለው ጎመን ሳይቀር ለዓይን ይሞላል። ሥራው ኢንግላንድ ካረፈ በኋላም ቀጥሏል። አኸርን ያልነበረውን አገር ከነበሩ ቤቶች ሠራ፤ ኢንግላንድ የነበረውን አገር ሊጠፋ ሲል ያዘው። ሁለቱም ሥራቸውን በባቡር ጀመሩ፤ ሁለቱም የደረሱት ግን ከሐዲዱ ባሻገር ነው።

የሽማግሌው ጥያቄ

በክፍሉ ውስጥ ከሚያገለግሉት አንድ ሽማግሌ አንዲት ጎጆ በአጉሊ መነጽር እየጠገኑ ነበር። ብዙ ከቆምሁ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«ከሩቅ አገር የመጡ ይመስላሉ» አሉኝ።

«ከኢትዮጵያ ነኝ፤ አስተማሪ ነኝ» አልሁ።

«በአገርዎ ምድር ባቡር አለ?»

በኩራት ተናገርሁ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ እንደ ተጀመረ፥ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ እንደ ደረሰ፥ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር እንደ ነበረ፥ በ2016 ደግሞ በአዲስ ሐዲድ የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ተመረቀ ነገርኋቸው። የእናቴ አባት በአሮጌው መሥመር የሐዲድ ሠራተኛ እንደ ነበሩም ጨመርሁ።

«አሮጌዎቹ ጣቢያዎችስ ቆመዋል?»

«የቆሙ አሉ፤ የፈረሱም አሉ።»

«ለመሆኑ የለካቸው ሰው አለ?»

ዝም አልሁ። ሽማግሌው ሊያሳፍሩኝ ብለው እንዳልጠየቁ ከፊታቸው ይታወቃል። ይልቁንም እጃቸውን በመስኮቱ አሳይተው እንዲህ አሉኝ፦ «ከዚህ መንደር ወደ ዲድኮት ሲያዩ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ታላላቅ ማማዎች ይታዩ ነበር። አስቀያሚ ናቸው እያልን ስናማርር ኖርን። የመጨረሻዎቹን በ2019 በፈንጂ ጣሏቸው። በማግሥቱ ወደዚያ አይቼ ሰማዩ ባዶ ሆነብኝ። ሰው የሚኖርበትን ነገር የሚያየው ሲሄድበት ነው።»

ወደ ዲድኮት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። እኔ የለገሃርን ጣቢያ ስንት ጊዜ በፊቱ እንዳለፍሁ አላውቅም። በሩ ስንት ክንድ እንደሚሰፋ፥ ደረጃው ስንት እንደ ሆነ ብጠየቅ ግን መልስ የለኝም። ለተማሪዎቼ የሎንዶንን ድልድይ ስም አስጠናለሁ፤ አያቴ 30 ዓመት ያገለገሉበትን ጣቢያ ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አላውቅም።

የተመለስሁ ሰሞን አያቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያየሁትን ሁሉ አወራሁላቸው፤ በካርቶን ባቡር ሽማግሌዎች መጨነቃቸው እጅግ አሳቃቸው። በመጨረሻ «አባባ፥ እርስዎ ያሉበት የአዋሽ ጣቢያ ስንት መስኮት ነበረው?» አልኋቸው።

«ምን ያደርግልሃል?» አሉና ሳቃቸውን ተዉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። በሐዲዱ በኩል ያለውን ቆጠሩ፤ ትኬት የሚሸጥበትን ቆጠሩ፤ በጓሮ በኩል ሲደርሱ ቆም አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁና «ቆይ፥ ተሳሳትሁ» ብለው ከበሩ እንደገና ጀመሩ።

እኔም ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርሁ። በመጪው ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹን ይዤ፥ ሜትርና እርሳስ አስይዤ ለገሃር እወርዳለሁ። ካርቶን ርካሽ ነው፤ መቀስም በየቤቱ አለ። በየአውራጃው ያለ ተማሪና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ በሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ድልድይ፥ አንድ ወፍጮ ቤት፥ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት አያጣም። ሞዴል ባይሠራለት እንኳ ቁመቱንና ወርዱን ለክቶ በወረቀት ቢያስቀምጠው፥ አንድ ቀን የሚሠራው እጅ ሲገኝ መነሻ ይሆነዋል።